ሰባ ደረጃ አጠገብ ያለችው ብርዝ ቤት

በሩ ላይ ታፔላ የለም። ፒያሳ፣ ከሰባ ደረጃ ትንሽ እልፍ ብሎ፣ የድሮው ቤትና አዲሱ አጥር ጎን ለጎን በቆሙበት በኩል አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ታያላችሁ። በሩ ሥር ቡና የምታፈላ ልጅ አለች። «ብርዝ ያለበት ቤት የቱ ነው?» ስትሏት በአገጯ ታሳያችኋለች። የቤቱን ባለቤት ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ነግረውኛል። «ሰው ለብርዙ ይምጣ እንጂ እኔ ምን አደርግለታለሁ» ብለው።

ስለ ምግብ ቤት የመጻፍ ልማድ የለኝም። ስለዚህች ቤት ግን ከነሐሴ ጀምሮ ልጻፍ ልጻፍ ስል ከርሜያለሁ። እህቴ እርጉዝ ናት። በዚህ ከተማ መሀል እርጉዝ ሴት ቁጭ ብላ፣ በልታ፣ ተጫውታ፣ ማንም «ቅመሺ፣ በሞቴ» ሳይላት የምትነሳበት ቤት እስካሁን ያገኘሁት ይህን ብቻ ነው።

መጀመሪያ የገባነው ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት ነው። እህቴ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። ከክትትል ስንመለስ ርቦን ነበር። የመጀመሪያ ልጇም አብሮን ነበር፣ አሥር ዓመቱ ነው፣ ማሙሽ ልበለው። ቤቷ ስድስት ጠረጴዛ አላት፣ ወለሉ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል፣ ጥግ ላይ ከጣሪያው ሥር ቴሌቪዥን ይጮሃል። አስተናጋጇ ልታስታጥበን ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። እህቴ እጅ ላይ ውሃውን እያፈሰሰች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «የጠዋቱን ላምጣልሽ?» አለቻት።

እህቴ ግራ ገባት። «የጠዋቱ ምንድን ነው?»

«ብርዝ። ዛሬ ጠዋት የተበጠበጠ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላ ጥያቄ የለም። ስንት ወርሽ ነው የለ፣ ለምን አትጠጪም የለ። ሦስት ብርሌ መጣ፣ አንዱ የእኔ ጠጅ፣ ሁለቱ የእህቴና የማሙሽ ብርዝ። በዚያ ደብዘዝ ባለ መብራት ሦስቱም ቢጫ ናቸው። አጠገባችን ሁለት ሽማግሌዎች ተቀምጠው ነበር፣ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩንም።

ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። አይደለም። እኛ ዘንድ እርግዝና በመጀመሪያዎቹ ወራት አይወራም፣ ዓይን ይፈራል፣ ቢጨነግፍስ ተብሎም ይፈራል። ሠርግ ላይ ወይ ማኅበር ላይ «ዛሬ ይቅርብኝ» ያለች አዲስ ሙሽራ ወዲያው ሆዷ ይታያል፣ «ምነው፣ ነገር አለ እንዴ?» ይባላል፣ ሳቅ ይነሳል። ስለዚህ ምስጢሯን ለመጠበቅ ስትል ትጠጣለች። አንድም ሁለትም ብርሌ። የፅንሱ ፊት፣ ልብና አንጎል መሠረት የሚጥሉት ደግሞ በእነዚያው ሳምንታት ነው። ብርዝን በጠጅ ዕቃ ማቅረብ እንዲህ ላለችው ሴት ምስጢሯንም ልጇንም አንድ ላይ ይጠብቅላታል። «የጠዋቱን» የሚለው ቃል የቤቱ ምልክት ነው፤ ይህን ብቻ ለአስተናጋጇ ልጅ ሹክ ትሏታላችሁ፣ አለቀ።

ስለ ብርዙ ልናገር። ማርና ውሃ ነው፣ በእጅ ተበጥብጦ በነጠላ ይጠለላል፣ ጌሾ አይገባበትም። ጣዕሙ ጥሩ ነው፣ ስኳር የተጨመረበት ብርዝ ምላስ ላይ ይታወቃል፣ የእትዬ እንደዚያ አይደለም። ማር በተወደደበት ጊዜ ብርሌውን በ80 ብር መሸጣቸው ይገርመኛል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ የመጀመሪያው ብርሌ አይከፈልበትም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ብርዝ ብርዝ የሚሆነው ዕለቱን ነው። ማር ውስጥም አየር ውስጥም እርሾ አለ፣ ጌሾ ባይነካውም ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ በራሱ ጊዜ መፍላት ይጀምራል፣ ያኔ አልኮል አለው። በመጀመሪያው ቀን አፍጥጬ ጠየቅኳቸው። «ያደረውን ምን ታደርጉታላችሁ?» አልኩ። «ልጄ፣ ያደረው ወደ ጠጁ ነው የሚሄደው፣ ለእርጉዝ አይቀዳም» አሉኝ። ጓዳ አስገብተው አሳዩኝ። የብርዙ እንስራ ለብቻው ነው፣ የጠጁ ጋን ለብቻው። ሌላ ቤት ብርዝ ስታዙ «የዛሬ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ አትፈሩ። ክትትል ላይ ስኳር አለብሽ የተባለች ሴት ደግሞ ውሃ ብትጠጣ ይሻላታል፣ ብርዝ ማር ነው።

ቀሪቦው ላይ ግን አልተስማማሁም። እትዬ ቀሪቦም ይሸጣሉ፣ እሱንም ለነፍሰ ጡር ይሰጡ ነበር፣ «ቀሪቦ እኮ የልጆች መጠጥ ነው» እያሉ። እውነት ነው፣ ሁላችንም ልጅ ሆነን ጠጥተነዋል። ነገር ግን የተቆላ ገብስ ተፈልቶ፣ ስኳርና እርሾ ገብቶበት ነው የሚያድረው። እርሾና ስኳር አንድ ላይ ካደሩ ምን እንደሚሆን ጠጅ ለሚጥል ሰው አይነገርም። መጠኑ ትንሽ ነው፣ ግን ባዶ አይደለም። ይህን ስላቸው ዝም ብለው ቆዩ፣ ከዚያ «ልክ ነሽ» አሉ። አሁን ለነፍሰ ጡር ብርዝ፣ ውሃ ወይ የማልት ጠርሙስ ብቻ ነው። የማልቱም ጠርሙስ ላይ «አልኮል የሌለው» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ፣ መልካቸው የሚመሳሰል ቢራዎች አሉ።

ይህን ያህል የምጨነቀው በማሙሽ ምክንያት ነው።

ማሙሽን ስታዩት ትወዱታላችሁ። ሳቂታ ነው፣ ሰው ይወዳል፣ ከሚገባው በላይ ያምናል። ሰኞ የአራትን ማባዣ ከላይ እስከ ታች ይወጣላችኋል። ማክሰኞ የለም፣ እንደ ጉም ጠፍቷል። ሐሙስ ደግሞ ሳይጠራ ይመለሳል። ሦስት ነገር በአንዴ ካዘዛችሁት የመጨረሻዋን ብቻ ይዞ ይሄዳል። ሱቅ ከላካችሁት መልስ መቀበል እንዳለበት አያስታውስም። «ቆይ ትንሽ» ማለት ለእሱ አምስት ደቂቃም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ሰዓትም። ቅጣት አያስተምረውም። ትናንት የተቀጣበትን ዛሬ ከሚያደርገው ጋር የሚያያይዝለት ክር ላልቷል፣ እኛ ግን ይህን ሳናውቅ ስንት ዓመት ገረፍነው። እጄ ላይ እስካሁን ይከብደኛል።

አንድ ትምህርት ቤት «ባለጌ ነው፣ ሰምቶ የማይሰማ» ብሎ ሁለት ጊዜ አስወጣው። አንዱ ቦታ ቅብጥብጥ ነው ተባለ፣ ሌላው ቦታ ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ስምንት ዓመት ሲሞላው አንዲት የሕፃናት ሐኪም ዘንድ ደረስን። እሷ ከልጁ በፊት እናቱን አየቻት። «ማሙሽን ስታረግዢ ትጠጪው የነበረውን ንገሪኝ። ልወቅስሽ አይደለም፣ እሱን ልረዳው ብዬ ነው» አለቻት። እህቴ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ያኔ ጠጅ ቤት ነበር የምትሠራው። ቀድቶ ቀምሶ መስጠት ወግ ነው፣ ደንበኛው «ቅመሺልኝ» ካለ ትቀምሻለሽ፣ በቀን አሥር ሰው ካለ አሥር ጊዜ ትቀምሻለሽ። አራት ወር እስኪሞላት እርጉዝ መሆኗን አላወቀችም። ካወቀች በኋላም ማንም «ተዪው» አላላትም። እንዲያውም «ጠጪ፣ ወተት ያመጣልሻል» ነበር የምትባለው።

በአማርኛ የረጋ ስም የለውም። በእንግሊዝኛው ምሕፃር ኤፍ ኤ ኤስ ዲ ይሉታል፣ እኛ ቤት «አልኮል በፅንስ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት» እንለዋለን። እናት የጠጣችው በደሟ ይዞራል፣ የእንግዴ ልጁ አያጣራውም፣ በእትብቱ አልፎ ልጁ ጋ ይደርሳል። የፅንስ ጉበት ገና ለጋ ነው፣ ቶሎ ሊያስወግደው አይችልም፣ በእንሽርት ውሃውም ውስጥ ይቆያል። ጠላ ይሁን፣ ጠጅ ይሁን፣ ውስኪ ይሁን፣ ወይን ይሁን፣ ያው አልኮል ነው። «አረቄ ነው እንጂ ቢራ ምን አለበት» የሚባለው ስህተት ነው። ይህን ያህል ቢሆን አይጎዳም የሚባል ልክ አልተገኘም፣ በዚህ ወር ቢሆን ግድ የለም የሚባል ወርም የለም።

ሐኪሟ የማሙሽን ፊት በማስመሪያ ለካች። ከባድ ጉዳት የደረሰባቸው ልጆች ላይ በአፍንጫና በከንፈር መሀል ያለው ቦይ ልሙጥ ይሆናል፣ የላይኛው ከንፈር ይሳሳል፣ ዓይን ጠበብ ይላል። ማሙሽ ላይ አንዱም የለም። አብዛኞቹ ልጆች ላይ እንደሌለ የነገረችን እሷ ናት፣ ጉዳቱ ያለው አንጎል ውስጥ ስለሆነ ሰው አያየውም፣ ስለማያየውም «ባለጌ» ይለዋል። «የማይፈልግ ልጅ አይደለም፣ የማይችል ልጅ ነው» አለችን። እህቴ እዚያው አለቀሰች። እኔ ቤት ሄጄ ነው ያለቀስኩት።

ከዚያ ቀን በኋላ ሌሊት ሌሊት ማንበብ ጀመርኩ። ፖል ሌሞይን የሚባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ናንት ከተማ ውስጥ የ127 ልጆችን ታሪክ ሰብስበው በ1968 እ.ኤ.አ. አሳትመው ነበር። በ1973 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬኔት ጆንስና ዴቪድ ስሚዝ የተባሉ ሐኪሞች ሲያትል ላይ ለችግሩ ስም ሰጡት። በእኛ 1965 ዓ.ም. አካባቢ ማለት ነው። እህቴ ገና አልተወለደችም ነበር። ያ ወሬ ጠጅ ቤቱ ጓዳ ሳይደርስ ስንት ዓመት ፈጀ! በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ዓለም አቀፍ ግምት መሠረት ከሚወለዱ 1,000 ልጆች ወደ 8 የሚጠጉት ይህ ጉዳት አለባቸው። ደቡብ አፍሪካ፣ በወይን እርሻዎቹ የሠራተኛ ደሞዝ በከፊል በወይን ይከፈል በነበረበት አገር፣ ቁጥሩ ከ1,000 ከ100 በላይ ነው። በዚያው ጥናት በእርግዝና ከጠጡ 13 ሴቶች የአንዷ ልጅ እንደሚጎዳ ተገምቷል። ይህን ቁጥር ለእህቴ እንዴት እንደምነግራት አላወቅኩም ነበር። ስነግራት «አሥራ ሁለቱ ምን ነበራቸው?» አለችኝ። የአመጋገብ፣ የዘር፣ የጠጡት መጠን፣ ብዙ ነገር አለበት። ማንም ግን አስቀድሞ «አንቺ ከአሥራ ሁለቱ ነሽ» ሊላት አይችልም።

አሁን ወደ ቤቷ ልመለስ፣ ምክንያቱም ማሙሽ እዚያ የሚስተናገድበትን መንገድ ሳልናገር ብቀር ቅር ይለኛል።

በሁለተኛው ቀን ስንሄድ ቴሌቪዥኑ እያስጨነቀው ጆሮውን ይዞ ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሌላ ቦታ ቢሆን ዓይን ሁሉ እኛ ላይ ነበር። አንድ ትልቅ ምግብ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ «ልጃችሁን ያዙ እንጂ» ብሎን ምግባችንን አስጠቅልለን ወጥተናል። እዚህ ግን ልጅቷ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ሄዳ ድምፁን ቀነሰች። ሽማግሌዎቹ ዜና እያዩ ነበር፣ ምንም አላሉም። ከዚያ ወዲህ ስንመጣ ሁልጊዜ ያቺው የጥግ ጠረጴዛ ናት። ሁልጊዜ ያው ብርሌ፣ ያው ሽሮ፣ ያው ሳህን። ልጅቷ ትእዛዝ አትደራርብበትም። «ማሙሽ፣ ታጠብ» ትላለች። ታጥቦ እስኪጨርስ ትጠብቃለች። ከዚያ «ና ተቀመጥ»። ሲቀመጥ «ብላ»። ሦስተኛ ቀን ላይ ሥራ ሰጠችው፣ ባዶ ብርሌ ወደ ማጠቢያው መውሰድ፣ አንድ በአንድ። አንዱን ሰበረ። እትዬ «ብርሌ ለመሰበር ነው የተሠራው» ብለው ሌላ ሰጡት። ሐኪሟ በወረቀት ጽፋ የሰጠችን ምክር ይኸው ነበር፤ አጭር ንግግር፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ፣ የማይለዋወጥ ልማድ፣ መደጋገም፣ በቃል ከመንገር ማሳየት። ጉዳቱ መድኃኒት የለውም፣ ዕድሜውን ሙሉ አብሮት ይኖራል። ቀድሞ የታወቀለትና የተረጋጋ ቤት ያለው ልጅ ግን በጣም የተሻለ ይሆናል። አንዲት ልጅ እግር አስተናጋጅ ይህን ሳታነብ በልቧ አገኘችው።

ምግቡ? ሽሮው 180 ብር ነው፣ ወፍራም፣ የሚንተከተክ፣ እንጀራው ለስላሳ። ቀይ ወጡ ዘይት ይበዛበታል፣ ሁለቴ አዝዤ ትቼዋለሁ። የጾም በያይነቱ ረቡዕና አርብ እስከ 7 ሰዓት ካልሄዳችሁ ያልቃል። መግቢያው ላይ ያሉት አራት ደረጃዎች ለነፍሰ ጡር አይመቹም፣ መደገፊያ የላቸውም፣ ዝናብ ሲሆን ያንሸራትታሉ፣ ይህን በግልጽ ነግሬያቸዋለሁ። መጸዳጃ ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ግን ግቢው ውስጥ ራቅ ይላል፣ በሰባት ወሯ ያለች ሴት ሦስት ጊዜ መመላለስ ይከብዳታል።

አሁን ግድግዳው ላይ ስለነበረው ጽሑፍ። መጀመሪያ ስንገባ በማርከር የተጻፈ ካርቶን ተለጥፎ ነበር፤ «እርጉዝ ሆነሽ ብትጠጪ ልጅሽ ዘገምተኛ ይሆናል» ይላል። እትዬ በቅን ልብ ነው ያስጻፉት። እዚያ ምሳ የምትበላ አዋላጅ ነርስ አለች፣ ጉዳዩን የነገረቻቸው እሷ ናት። እትዬ ያን ዕለት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። «ሠላሳ ዓመት ስቀዳ ማንም አልነገረኝም። ስንት ሆድ ላይ ቀድቻለሁ» ነው ያሉኝ። ካርቶኑ የመጣው ከዚያ ነው። ግን እህቴ ያንን ስታነብ ፊቷ አመድ መሰለ፣ የማሙሽን እጅ ያዘች፣ ሽሮዋን ሳትጨርስ ወጣን።

በማግሥቱ ብቻዬን ተመለስኩ። ለእትዬ ያልኳቸው ይህ ነው። ይህን የምታነበው ሴት ትናንት የጠጣች ልትሆን ትችላለች። ሳታውቅ የጠጣች ልትሆን ትችላለች። «ልጅሽ አለቀለት» ከተባለች ለሐኪም አትናገርም፣ ትዋሻለች፣ አንዳንዷ ደግሞ «ከሆነ ሆነ» ብላ መጠጣቷን ትቀጥላለች። መንገር ያለብን ሌላ ነው፤ በየትኛውም ወር ብታቆም ለልጁ ይጠቅመዋል፣ የዛሬዋ ብርሌ ስትቀር የዛሬው ጉዳት ይቀራል። ዘገምተኛ የሚለውም ቃል ማሙሽን አይገልጸውም። እትዬ ካርቶኑን እዚያው እያየሁ ገነጠሉት። አዲሱ እንዲህ ይላል፤ «ለነፍሰ ጡር ብርዝ በቤቱ ሒሳብ። ጥያቄ የለም።» ደንበኛ ሲናገር እንዲህ የሚሰማ ባለቤት ስንቱ ቤት አለ?

ሌላ ቦታ ያየሁትን ላወዳድር። ባለፈው ግንቦት አንድ ሠርግ ላይ እህቴ ውሃ ስትጠይቅ አስተናጋጁ «ቀይ ወይን እኮ ለደም ጥሩ ነው» ብሎ ቀዳላት። ብርጭቆው እስከ መጨረሻው ፊቷ ተቀምጦ ቀረ፣ ሰውም እስከ መጨረሻው «ኧረ ቅመሺ» አላት። አንድ ክሊኒክ ውስጥ ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «አንዳንዴ አንድ ቢራ ችግር የለውም» ብሏታል፣ ይህን በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ሰፈር ውስጥ ደግሞ አምሮት አለ፣ «ያማራትን ካላገኘች ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል» የሚለው። እናታችን ራሷ ጠላ ጨልፋ ይዛላት መጥታለች፣ አምሯት ይሆናል ብላ፣ በፍቅር። ይህ ነው ከባዱ። የሚቀዳላት ሰው ሁሉ ይወዳታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥንም ከልክሏል። ጥሩ ነው። አሜሪካ ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጠርሙሱ ላይ ለነፍሰ ጡር ማስጠንቀቂያ ታጽፋለች፣ ፈረንሳይ ከ2007 ወዲህ የነፍሰ ጡር ሥዕል ላይ መስመር የተሰመረበት ምልክት ታስለጥፋለች፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድም ከ2023 ጀምሮ ግዴታ አድርገውታል። እኔም የእኛ ጠርሙሶች ላይ፣ ማንበብ ለማትችለውም በሥዕል፣ በጉልህ እንዲወጣ እፈልጋለሁ። ግን ጠላ ጠርሙስ የለውም። ጠጅም አብዛኛውን ጊዜ የለውም። በጣሳ፣ በዋንጫ፣ በብርሌ ነው የሚቀርበው፣ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፍበት ቦታ የላቸውም። እህቴን በወጣትነቷ ሊያስጠነቅቃት የሚችለው የምትቀዳበት ቤት ባለቤት ብቻ ነበር። ለዚህ ነው የእትዬን ቤት እንደ ምግብ ቤት ብቻ ማየት ያቃተኝ። ጠጅ ቤት፣ ጠላ ቤት፣ ግሮሰሪ ያላችሁ ሰዎች፣ አንድ ማሰሮ ብርዝና አንድ ምልክት ቃል ነው የሚያስፈልጋችሁ። ለምትቀዳላችሁ ልጅ ደግሞ «እኔ አልቀምስም» የማለት መብት ስጧት፣ ደንበኛው ቢቆጣም።

ባለፈው ጳጉሜ 4 እዚያው ነበርን። ቀኑ ሰው ስለ ኤፍ ኤ ኤስ ዲ እንዲያውቅ የሚታሰብ ሆኖ በዓለም ይታወቃል፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ያሉ ልጆችን የሚያሳድጉ ወላጆች የጀመሩት ቀን ነው። በፈረንጆቹ ዘጠነኛው ወር፣ ዘጠነኛው ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ከዘጠኝ ደቂቃ ላይ ለአንድ አፍታ ዝም ይላሉ፣ ለዘጠኙ ወር ብለው። በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ9 መሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር ከደቂቃው በቀር ዘጠኙ ሁሉ ይጠፋል፣ ግን ቀኑ ሲገጥም አያችሁ? ለእንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው። ድፍድፉ በየጓዳው ተከድኖ የሚቀመጥበት፣ ማጥለያው የሚታጠብበት ሰሞን። በዓመት ውስጥ እርጉዝ ሴት «ቅመሺ» የምትባልበት ቀን ከዚያ በኋላ ነው የሚጀምረው። ለእኛ አገር ከዚህ የተሻለ ቀን ቢፈለግ አይገኝም።

ስድስት ሰው ነበርን። እትዬ፣ አዋላጇ፣ ልጅቷ፣ እህቴ፣ እኔ፣ ማሙሽ። ባለ ቡናዋ ጀበናዋን ይዛ ገባች፣ ሰባት ሆንን። ንግግር አልነበረም። 3 ሰዓት ከ9 ሲል እትዬ ቴሌቪዥኑን ዘጉት። ማሙሽ ዝምታው ገርሞት ሁላችንንም አንድ በአንድ አየ፣ ከዚያ ብርሌዎቹን መሰብሰብ ጀመረ፣ ሥራው ነውና። አዋላጇ ለእንቁጣጣሽ ሰው ቤት ስትጠራ እህቴ ምን እንደምትል አስተማረቻት። «ሐኪም ከልክሎኛል» በይ አለቻት፣ በሐኪም ማንም አይከራከርም። ለእህቴ ሠራላት፣ እናታችን ሳትቀር አዲስ ዓመትን ብርዝ በጥብጣ ጠበቀቻት። ባሏም ቢራ ወደ ቤት ማምጣት ትቷል፣ ሳይነገረው።

የምትወልደው ታኅሣሥ መጨረሻ ነው። እትዬ ከአሁኑ አጥሚቱን ማን እንደሚያፈላላት ጠይቀዋል፣ ገብሱን እኔ እቆላለሁ ብለዋል። ክፍያ ብላቸው ተቆጡኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ብቻዬን ሽሮ እየበላሁ አንድ ባልና ሚስት ገቡ፣ ወጣቶች ናቸው፣ ከሌሎች ሁለት ጓደኞቻቸው ጋር። ባልየው በጎላ ድምፅ «ለሁላችንም ጠጅ!» አለ። ሚስቱ እጇን ልትታጠብ ተነሳች፣ ልጅቷ ማንቆርቆሪያውን ይዛላት ነበር፣ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አለቻት። ትንሽ ቆይቶ አራት ብርሌ መጣ። አራቱም ቢጫ። ጓደኛቸው «ለጤናችን!» አለ፣ አነሱ፣ ጠጡ። የትኛው የጠዋቱ እንደነበር እዚያ ጥግ ሆኜ ብፈልግም መለየት አልቻልኩም።